ከሚካዪ በፊት የተዘራ

እኛ የንዲሳ ዳርቻ ሰዎች ስልክ ባለማንሳት የምንኖር ነን። ስልክ ከተነሳ የደዋዩ ካርድ ይበላል፤ ካልተነሳ ግን ነገሩ በነጻ ይደርሳል። ማታ ማታ የበቆሎ ገንፏችን ኩዮን ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ የእኔ ስልክ አንዴ ይጮኽና ዝም ይላል። አላነሳም። መነጽሬን አድርጌ ከጠርሙሱ አንዲት የመድኃኒት ፍሬ አወጣለሁ፣ በውኃ አወራርዳታለሁ፣ ከዚያም ያንኑ ቁጥር መልሼ አንዴ አስጮኽና እዘጋለሁ። በቃ ይኸው ነው። በመካከላችን አንዲት ቃል አልተነገረችም፤ አፖንዲ ግን ዛሬም እንደዋጥኩ አወቀች፣ እኔም አፖንዲ ዛሬም መኖሯን አወቅሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው በምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተከራክረን ነበር። ሚስኮል ብሎ የመለሰ አልነበረም።

አንዴ ማለት ዋጥኩ ማለት ነው። ሁለቴ ማለት ችግር ገጥሞኛል፣ ድረሽልኝ ማለት ነው። ዝምታ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት አፖንዲ ደጅህ ቆማለች ማለት ነው፤ ከሦስቱ ሁሉ የሚፈራው ይኼኛው ነበር።

አንድ ማለዳ ሴቶቹ ኦሜናውን፣ ያቺን የጣት ጥፍር የምታህል የሐይቃችንን ዓሣ፣ አሸዋው ላይ ሲያሰጡ ኦንዲየክ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ወረደ። አፖንዲ ወገቧን ይዛ ቆማ ጠበቀችው።

«ማታ የት ነበርክ?»

«ሐይቁ ላይ ነዋ። ኔትወርክ አልነበረም።»

«ኔትወርክ የሚጠፋው ለእኔ ሲሆን ነው? ለዚያች ለባለቀይ ሻሿ ስትደውል ግን ሞልቶ ይፈሳል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ባለቀይ ሻሿም ሳቀች።

«በናትሽ ኛር ኡዮማ፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ። ሰው ይሰማል።»

«ሰው የሚሰማው እሪ ብለን ስንቀብርህ ነው። ፍሬዋ የታለች?»

ከኮፍያው እጥፋት ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ፍሬ አወጣ።

«ዋጥ። እዚሁ። አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።»

«የወለደችኝ እናቴም እንዲህ አልበረበረችኝም!»

«እናትህ በርብራህ ቢሆን ኖሮ እኔ እዚህ ምን አቆመኝ?»

ኛር ኡዮማ ማለት የኡዮማ ልጅ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የምትጠራው በመጣችበት አገር ነው፤ አፖንዲም ከሐይቁ ማዶ ከኡዮማ መጥታ ጀልባ ሠሪውን ኦልዌኒን ያገባች ሁለተኛ ሚስት ነበረች። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ መኖሩን ያወቀችው የመጨረሻ ልጇን አርግዛ ለክትትል በሄደች ጊዜ ነው። በዚያው ቀን መድኃኒት ጀመረች፤ ልጇም ንጹሕ ሆና ተወለደች። ኦልዌኒ ግን አልመረመርም ብሎ እንደ ግንድ ደርቆ ሞተ። ኋላ አንድ ፕሮጀክት መጣና ቫይረሱ ያለባቸውን ሰዎች መርጦ ለሌሎች ደጋፊ እንዲሆኑ አሠለጠነ፤ ለአፖንዲም ስልክና በየወሩ ካርድ ሰጣት። የፕሮጀክቱ ነጭ መኪና መምጣቱን ሲያቆም ካርዱም አብሮ ቆመ። ስልኩ ቀረ፣ አፖንዲም ቀረች፤ ያቺን አንዴና ሁለቴ የምትባለውን ዘዴ የፈጠረችው ያኔ ነው። አሠልጣኞቹ አላስተማሯትም፤ ድህነት ነው ያስተማራት።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን የማወራላችሁ ነገር ከመምጣቱ በፊት ነው። የማወራው ስለ ጣውንቷ ስለ አቦንዮ ነው።

በእኛ አገር የመጀመሪያዋ ሚስት ሚካዪ ትባላለች። ቤቷ ከግቢው መግቢያ ትይዩ ነው። ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የምትዘራው እሷ ናት። መጀመሪያ የምታርመው፣ እሸቱን መጀመሪያ የምትቀምሰውም እሷ ናት። ታናሺቱ ወቅቱ እያለፈባት፣ ዘሩ በእጇ እያቃጠላት ትጠብቃለች እንጂ አትቀድምም። ከቀደመች ቺራ ይመጣል። ቺራ ሰውን ከውስጥ የሚበላ ነገር ነው፤ ሥጋ ያልቃል፣ ቆዳ ይላጣል፣ ጠጉር እንደ ሕፃን ጠጉር ይሳሳል። ያኛው በሽታ ወደ ሐይቃችን ሲመጣ የቺራን ልብስ ለብሶ መጣ። ብዙ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ሁለቱን አይለዩአቸውም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ሁለቱም ከመኝታ የሚመነጩ፣ ሁለቱም ቤት የሚዘጉ ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ጣውንታሞች አንድ ባል ነበራቸው። ታናሺቱ መድኃኒት የሚባል ነገር ከሚካዪ ቀድማ፣ ያውም ሳትነግራት ጀመረች። ባል ሞተ። ከዚያ ሚካዪ መክሳት ያዘች። ፍርዱን ለመስጠት ብዙ መማር ያስፈልጋል? አቦንዮ ፈረደች። ምክንያት ከውጤት እንደሚቀድም እሷም እንደ እኔ ታውቅ ነበር፤ የተለያየነው ምክንያቱ የትኛው ነው በሚለው ብቻ ነው።

ክፉ ሴት ናት እንዳትሉ። ኦልዌኒ በሞተ ሰሞን ወንድሞቹ የአፖንዲን መሬት ሊነጥቁ መጡ። አቦንዮ በርጩማዋን ይዛ ወጥታ የግቢው በር ላይ ተቀመጠች።

«በመጀመሪያ የእኔን ቤት አፍርሱ» አለቻቸው። «የሷን ከዚያ ታገኙታላችሁ።»

«ሚካዪ፣ ይኼ ሁሉ ለጣውንትሽ ነው?»

«ጣውንቴን የምጠላት እኔ ነኝ። ለእናንተ ማን ፈቀደላችሁ?»

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ተመለሱ። አፖንዲ ያን ቀን በጓሮ ሆና ሰምታለች። ስለዚህ ከዳርቻው ሰው ሁሉ አስበልጣ ማዳን የፈለገችው አቦንዮን ነው፤ ማዳን ያልቻለችውም እሷን ብቻ ነው።

ብዙ ከተለመነች በኋላ አቦንዮ ለምርመራ እጇን ሰጠች። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ኬሩቦ፣ ቋንቋችንን እሾህ እንደሚረግጥ ሰው እየተጠነቀቀች የምትናገር የኪሲ ኮረብታ ልጅ፣ ቤቷ ድረስ መጥታ ደሟን ወሰደች። የሚጠበቀው መልስ መጣ። መድኃኒቱም መጣ። አቦንዮ ጠርሙሱን ተቀብላ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰካችው፣ አይጥ እንዳይደርስበት እንደሚሰቀል ዘር። ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

አፖንዲ በየቀኑ አጥሚት ይዛላት ትገባለች።

«ሚካዪ፣ ዋጥሽ?»

«አጥሚቱን አስቀምጪና ሂጂ።»

«ዋጥሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«አንቺ ዘርተሽ፣ አርመሽ፣ አጭደሽ ስታበቂ እኔ ቃርሚያ ልልቀም?»

«በቆሎ መሰለሽ እንዴ? መድኃኒት እኮ ነው።»

«ወደ ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ ዘር ነው። ከእኔ ቀድመሽ ዘራሽ። አንቺ ትወፍሪያለሽ፣ እኔ እከሳለሁ። ዓይን የለሽም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ያለፈውን አልመልሰው።»

አቦንዮ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም ብዙ ቆየ። «ኡዮማ ውስጥ ምንም ሳያስተምሩሽ ነው የዳሩሽ። ታናሽ ተሳስታ ብትቀድም ምን ይደረጋል?»

የሐይቁ ዙሪያ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አፖንዲም ታውቀዋለች።

«የዘራችውን ትነቅላለች» አለች አቦንዮ። «ሚካዪ ትዘራለች። ከዚያ ታናሺቱ እንደገና ትዘራለች። ንቀዪ።»

በማግስቱ አፖንዲ እኔ ዘንድ መጣች። ደጃፌ ላይ ተቀምጣ የመረብ ቁራጭ እየፈታች መልሳ ትቋጥራለች።

«መምህር፣ ሰው እያወቀ ቢሳሳት ምን ይባላል?»

«ለማን ሲል?»

«ለሌላ ሰው።»

«አንዳንዱ ቅድስና ይለዋል። ሲስተር ኬሩቦ ግን ድንቁርና ትለዋለች።»

አልሳቀችም። ነገረችኝ። እኔም ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ተከራከርኳት። አንድም ቀን እንዳትዘሉ እያልሽ ጆሯችንን ያደነቆርሽው አንቺ አይደለሽም ወይ አልኳት። የእኔን የሽማግሌውን ምላስ ሳይቀር አስነስተሽ ያየሽ አይደለሽም ወይ አልኳት።

«እርስዎ ምላስዎን ያነሡልኝ አምነውኝ ነው» አለችኝ። «እሷ አታምነኝም። እምቢ ያላት ፍሬዋ አይደለችም መምህር፤ የማትዋጥላት እኔ ነኝ።»

ሰው የሚድነው በእውቀት ይመስለናል፤ ግን ስንቶቻችን ነን እውነትን የተቀበልነው ማን እንደነገረን ሳናይ?

ሲስተር ኬሩቦ ስትሰማ ጤና ጣቢያው እስኪናጋ ጮኸች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ስሚኝ አንቺ፣ ጀምረሽ ስታቋርጪ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከለመደው ይኼ ፍሬ ለአንቺ ከረሜላ ነው። ሌላው ዓይነት እዚህ የለም። ከተማ ነው ያለው፣ እሱም ከተገኘ።»

«ለጥቂት ቀን ነው ሲስተር።»

«ሁሉም ለጥቂት ቀን ነው የሚለው! ከዚያ ደጋፊዋ ራሷ ደጋፊ ትፈልጋለች።»

አፖንዲ የራሷን ጠርሙስ ይዛ ወደ አቦንዮ ቤት ገባችና ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችላት። አቦንዮ ጎንበስ ብላ አየችው፣ በጨርቅ ቋጠረችው።

«መልካም። እንግዲህ ኦቢየሮ ይምጣ» አለች።

አፖንዲ ይኼን አላሰበችውም። ባል በሌለበት ቤት የበኩር ልጅ ሳይቆም ሚካዪ ዘር አታወጣም። ኦቢየሮ ደግሞ ያለው አገር አቋርጦ ሞምባሳ ወደብ፣ ጭነት ከሚያወርዱት ጋር ነው። ለእኛ ዓመቱን ሁሉ ካርድ ያልጨረሰችው አፖንዲ፣ ያላትን ሁሉ ለእሱ በመደወል ጨረሰችው።

«ኦቢየሮ ልጄ፣ እናትህ እየሞተችብኝ ነው።»

«ማማ፣ ፈቃድ ከለከሉኝ እኮ። በሚመጣው ሳምንት እለምናቸዋለሁ።»

በሚመጣውም ሳምንት ያው ነው። በሚመጣውም። የሚመጣው ሳምንት የሚባል አገር አለ፤ ሁሉም ይሳፈርበታል፣ ማንም ደርሶበት አያውቅም።

በዚያ ሰሞን ነው በአንዲት ሚስኮል ውስጥ ምን ያህል መከራ ሊታጨቅ እንደሚችል ያየሁት። ማታ ስልኬ አንዴ ይጮኻል። አፖንዲ ናት። እኔ እውጥና እመልሳለሁ። ኦንዲየክ ከሐይቁ ላይ ይመልሳል። ሌሎቹም እየዋጡ ይመልሳሉ። የሁላችንም መልስ የሚሰበሰበው አፏ ባዶ ወደ ሆነ አንዲት ሴት ዘንድ ነው። ፊቷ ገረጣ። ማለዳ ማለዳ ሳል ጀመራት፤ የዓሣው ጭስ ነው ትለኝ ነበር።

አንድ ምሽት መዋጤን ከመንገር ይልቅ ሁለቴ አስጮኽኩባት። ገና እጄን ከስልኩ ሳላነሳ የመጣች መሰለኝ፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አላጠለቀችም።

«ምን ሆኑ? ወደቁ? ትንፋሽ አጠረዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነው የታመመው?»

«አንቺ።»

ቆማ አየችኝ። መጀመሪያ ተቆጣች። «በዚህ ይቀለዳል? እርስዎን የሚያህል ሰው!» ከዚያ መድረኩ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷንም በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። «ሁላችሁም ለእኔ ሁለቴ ትደውላላችሁ። እኔስ ለማን ልደውል?» አለች።

«ለእኔ ደውዪ።»

«ለእርስዎ?» በልቅሶዋ መካከል ሳቋ አመለጣት። «በዚያች ከዘራ እስኪደርሱ እኮ ተቀብሬ ሣር ይበቅልብኛል!»

ነገሩ የታየኝ ያን ምሽት ነው። ኦቢየሮ መቆም አለበት ተባለ እንጂ በእግሩ ይቁም ያለ የለም። የኦልዌኒ ታላቅ ወንድም ሴዌ የግቢው ዳኛ ነው፤ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሱረቱን ግን ከአፍንጫው አይነጥልም። ጉዳዩን ወሰድኩለት። ሲያስብ ዋለና፣ በማግስቱ ጠዋት ሁላችንንም ሚካዪ ቤት ደጃፍ ሰበሰበን። በኩሩ ሊቀመጥበት የሚገባው በርጩማ መሐል ላይ ተደረገ፤ በርጩማው ላይ የአፖንዲ ስልክ ተቀመጠ፣ ድምፁም ለሁሉ እንዲሰማ ተከፈተ። አቦንዮን ሁለት ሴቶች ደግፈው አውጥተው ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት። የቀረላት ዓይኗና ምላሷ ነው።

«ይሰማል? አጎቴ፣ ይሰማል?» አለ ኦቢየሮ። ከኋላው የብረት ግጭት ይንኳኳል።

«ድምፁስ የእሱ ነው» አለች አቦንዮ። «ልጁ ግን የታለ?»

ሴዌ ሱረቱን ሳበ። «አቦንዮ፣ ይኼን የቤትሽን ቆርቆሮ ማን አለበሰልሽ?»

«ኦቢየሮ።»

«ተሸክሞ አመጣልሽ?»

«ገንዘቡን በስልክ ላከው እንጂ።»

«በስልክ የመጣ ገንዘብ ዝናብ ከከለከለ፣ በስልክ የመጣ ልጅ ዘር ያስዘራል። ፈርጃለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቦንዮ ግን አልጨረሰችም። ወደ በርጩማው ዞረች።

«ኦቢየሮ፣ ቆመሃል ተቀምጠሃል?»

«ቆሜያለሁ እማ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ባርኔጣህን አውልቅ።»

«አወለቅሁ።»

ያውልቅ አያውልቅ ማን አየ? ግን በዚያች ደቂቃ በዚያ ባዶ በርጩማ ላይ አንድ ሰው ባዶ ራሱን ቆሞ እንደነበር እኔ እመሰክራለሁ። አንድ ሰው አለ የምንለው መቼ ነው? ሥጋው ሲታይ ነው ወይስ እናቱ አውልቅ ስትለው ሲያወልቅ? አቦንዮ ጠርሙሷን ከማገሩ አስወረደች፤ ፍሬዋን በጣቶቿ ይዛ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረችና ዋጠች። ከዚያ የአፖንዲን ቋጠሮ ከሥሯ አወጣች፣ ፈታችው፣ በእጇ አንዲት ፍሬ ሰጠቻት። አፖንዲ ተቀብላ ዋጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምቀድመው» አለች አቦንዮ። «ማታ ስውጥ ስልክሽን አስጮኸዋለሁ። ሳትሰሚ እንዳትውጪ።»

«ሚካዪ፣ ከቤትሽ እስከ ቤቴ እኮ የዶሮ መንገድ ነው። ብትጠሪኝስ?»

«ጣውንቴን አልጠራም። ሚስኮል ይበቃሻል።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥቂት ሳምንታት መልካም ነበሩ። ማታ ከሚካዪ ቤት አንዲት ጥሪ ትመጣለች፣ አፖንዲ ትውጣለች፣ ከዚያ የሁላችንም ስልክ ይጮኻል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የአፖንዲ ስልክ ሁለቴ ጮኸ። የምታጥበውን ድስት ጥላ እየሮጠች ገባች።

«ምነው ሚካዪ?»

«ጨው አለቀብኝ።»

«ለጨው ነው ሁለቴ?»

«ጨው ማለቁ ችግር አይደለም?»

አፖንዲ ይህን ለእኔ ስታወራኝ ስቃ ልትሞት ነበር። ጣውንቷ እንዲያ ስትቀልድባት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ሲስተር ኬሩቦ እንዳስረዳችኝ፣ የደከመ አካል መድኃኒት አግኝቶ ሲነቃ ቤቱ ውስጥ የተደበቀውን ጠላት ሁሉ ያያል፤ ከሁሉም ጋር ባንዴ ይጋጠማል። በአቦንዮ ሳንባ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ብዙ ነበር። ሆስፒታል እንውሰድሽ አሏት። ከግቢዬ ወጥቼ አልሞትም አለች።

አንድ ምሽት ጥሪው ቀረ። አፖንዲ ፍሬዋን መዳፏ ላይ ይዛ ተቀምጣ ጠበቀች። ፍሬዋ ከላቧ የተነሣ መሟሟት ጀመረች። ተነሥታ ወደ ሚካዪ ቤት ተሻገረች። አቦንዮ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ስልኩ በእጇ ነው፣ የአፖንዲ ቁጥር መስተዋቱ ላይ በርቷል፤ አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ አርፏል፣ የምትጫንበት አቅም ግን የላትም። አፖንዲ ራሷን ቀና አድርጋ ፍሬዋን በአፏ አደረገችላት፣ ውኃ አስከተለች። ውኃው በአገጯ ወረደ። ፍሬዋም አብራ ወረደች።

«እንዳትቀድሚኝ» አለች አቦንዮ።

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ዶሮ ሲጮኽ አለፈች።

ለቀብሩ ኦቢየሮን ፈቃድ አልከለከሉትም። መጣ፣ አለቀሰ፣ በሬ አረደ፣ ተመለሰ።

አፖንዲ በቺራ አታምንም ነበር። ሠልጥናለች፣ በየደጁ እየዞረች ቺራ አይደለም ቫይረስ ነው ስትል የኖረች ናት። በሰጠችው ቃል ግን ታምን ነበር። ሚካዪ ሳትውጥ እንዳትቀድሚኝ ብላት ሞተች፤ ሚካዪ ደግሞ ከእንግዲህ አትውጥም። ሴዌ የሙት ቃል የሚፈታበት መንገድ አለ ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። ሲስተር ኬሩቦ ደሟን ወስዳ ወደ ከተማ ላከችና መልሱን ይዛ መጣች፤ ያን ቀን አልጮኸችም፣ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶታል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከረሜላ ሆኗል። ከተማ ሂጂ አለቻት። አፖንዲ እሺ አለች፣ አልሄደችም።

የማታው ጥሪ ቆመ። እንዴት ያለ ዝምታ ነው! ቤተ ክርስቲያን ደወሉ ተሰርቆበት እንደሆነ ሁሉ ሰዓቱ ጠፋብን። ኦንዲየክ ጠዋት እየተቅበዘበዘ መጣ።

«መምህር፣ ማታም አልጮኸም።»

«ዋጥክ?»

«ምላሴን ማን ሊያይልኝ ብዬ?»

«ክፈት» አልኩት። ያ ወንበዴ የሐይቅ ሰው እንደ ሕፃን አፉን ከፈተልኝ። ዋጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ቀድሜ የምደውለው እኔ ሆንኩ። እውጥና የአፖንዲን ስልክ አንዴ አስጮኻለሁ። እንዲህ እያሰብኩ ነበር፦ የእኛ ሰው ሥርዓት ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ በሥሩ ሰው ብቻውን ወደ ምንም ነገር አይግባ የሚል ፍርሃት አለበት። ከፊት የሚሄድ ይኑር፣ ሌላው ይከተል። ሚካዪ ከፊቷ ከጠፋች ሌላ ሰው ይቅደምላት። በዕድሜ እኔ አቦንዮንም እበልጣታለሁ። አንዴ አስጮኻለሁ። መልስ የለም። በማግስቱ አንዴ። መልስ የለም። እንዲያ ስል ሰነበትኩ፣ ያ ሐሳቤም የሽማግሌ ሰው ጨዋታ እየመሰለኝ መጣ።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ሐይቁ ውስጥ ልትገባ ስትል፣ ስልኬ አንዴ ጮኸ። ቁጥሯ ነው። መነጽሬን አወለቅሁ። እንደገና ጮኸ።

ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ። ሣር ሳይበቅል ልድረስ እያልኩ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ።

ከሚካዪ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ጠርሙሷ በጭኗ ላይ ነው። ትንሽ ኮሮጆ ከጎኗ አለ፤ ልብሷን ሸክፋለች። ትከሻዋ በቀሚሷ ሥር እንደ ማንጠልጠያ ሆኖ ይታያል።

«ዛሬ ደግሞ ፈጠኑ» አለችኝ።

«ምን ላድርግ፣ ሁለቴ ነው የጮኸው።»

«ሲስተር ከተማ ሂጂ አለችኝ። መድኃኒቱ መኖሩን ግን እሷም አታውቅም።»

«አይታወቅም።»

«ጠዋት ሸከፍኩ። ጠዋት የሸከፍኩትን ይዤ እዚህ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚህ በር መውጣት አቃተኝ መምህር። እሷን ትቼ መቅደም አልቻልኩም።»

«ማን ቅደሚ አለሽ?» አልኳት።

የማታው ጀልባ ወደ ከተማው ሊነሣ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። ፊቴን ወደ ግቢው በር መለስኩና መሄድ ጀመርኩ። ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ ከዞርኩ የምትቀር መሰለኝ። ከዘራዬ ጠጠሩን ሲነካ እሰማለሁ፣ የዓሣ አሞራዎቹን እሰማለሁ፣ ሌላ ምንም የለም። በሩን ወጣሁ። ቁልቁለቱን ጀመርኩ። አሁንም ምንም የለም።

ከዚያ ከኋላዬ፣ ከበሩ ወዲህ፣ ሳሏን ሰማሁ።